ጋሽ ተክሌ በስተርጅና የተማሩት ቋንቋ

ጋሽ ተክሌ መሞታቸውን የሰማሁት አሰላ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ነው። ከናዝሬት የመጣች የድሮ ጎረቤቴ ከአውቶቡስ ስትወርድ አየችኝና ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣ «ጋሽ ተክሌ እኮ አረፉ፤ አርባቸው ወጣ» አለችኝ። እንዴት እንደ ሞቱ ጠየቅኋት። «እንደ ልማዳቸው ነዋ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ» አለችና ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። ወደ ቤቴ የተመለስኩት በእግሬ ነው። መንገዱን ሙሉ ድምፃቸው በጆሮዬ ነበር፤ አማርኛቸው አይደለም፣ የመንዝ ቃና ያልለቀቀው ያ የተሰባበረ ኦሮምኛቸው።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የተከራየኋት አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ከጋሽ ተክሌ ግቢ የምትለየው በቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ ከባቡር ጣቢያ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። በዚያ በናዝሬት ሙቀት ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው ከቤት የሚወጡት። የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ሳያዩ ምንም ነገር አይጀምሩም፤ ምሳም ቢሆን፣ የዕድር ስብሰባም ቢሆን። ይህን ሁሉ ሰዓት እየቆጠሩ ግን ሰው ሲያረፍድባቸው አይቆጡም። «ባቡር ሰው አይጠብቅም፤ ሰው ግን ሰው ይጠብቃል» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ሎሚ የአርሲው ደራ አካባቢ የገበሬ ልጅ ናት። «አንቱ ስትይኝ የሞትኩ ይመስለኛል» ስላለችኝ አንቺ ነበር የምላት። በልጅነቷ ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ ወተት ስትሸጥ ነው ጋሽ ተክሌ ያዩዋት። ሲጋቡ አንድም የአማርኛ ቃል አታውቅም ነበር አሉ። እኔ ሳውቃት ግን ተረትና ምሳሌው ሁሉ በአፏ ያለ፣ ከመንዝ ሴት የማታንስ አማርኛ ተናጋሪ ሆና ነበር። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ድሬዳዋ አግብታ የምትኖር።

የእትዬ ሎሚ ሕመም በትንሽ በትንሹ ነው የጀመረው። ወጡን ሁለቴ ጨው ታደርግበታለች። ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ስሟ ሲጠራ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የኔን ክፍል ከፍታ ገብታ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰፈሩ ወሬ ጀመረ። ግማሹ ዛር ነው አለ፤ ግማሹ ጃጅታለች አለ። ጋሽ ተክሌ ጠበል ወስደዋት ሁለት ሳምንት ሰነበቱ። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሲመለሱ ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«የእርጅና መርሳት ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ ትዕግሥት ያድርጉ አለኝ» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን እየፈቱ፣ «ትዕግሥት በሐኪም ሲታዘዝ ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉ።

በዚያው ዓመት አማርኛው ከእትዬ ሎሚ ይሸሽ ጀመር። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋባት፤ ከዚያ የሰው ስም። ቆይቶ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ትጀምረውና በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች። ከክረምቱ በኋላ አማርኛ ከአፏ አልሰማንም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተክሌ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። «አንቺ ዘነቡ፣ እባክሽ ነይልኝ እስቲ። ምን እያለችኝ እንደሆነ አልገባኝም።»

ሮጬ ሄድኩ። እትዬ ሎሚ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከፊቷ ጫማዋ፣ ጋቢዋ፣ ማበጠሪያዋ፣ የዳቦ ቁራሽ፣ የጸሎት መጽሐፍ ተደርድረዋል። ጋሽ ተክሌ ያገኙትን ሁሉ ሲያመጡላት ቆይተው ነው። «ቢሻን» ትላለች እያለቀሰች፤ «ቢሻን ናፍ ኬኒ።»

«ውሃ ስጠኝ ነው የምትለው» አልኳቸው።

ውሃውን ቀድቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ጋሽ ተክሌ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። 

«ከፈረንጅ አለቆቼ ጋር ልግባባ ብዬ ፈረንሳይኛ በስድስት ወር ተማርኩ» አሉ። «ከዚህች ሴት ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬ ውሃ ጠማኝ ስትለኝ አላውቅም።»

 እናቴ ኦሮሞ ናት፤ ቋንቋውን ከሷ ነው የለመድኩት፤ አባቴም አንድ ቀን ልማር ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ተክሌ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ደብተርና እርሳስ ይዘው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። «ስንት ሰዓት ይመችሻል?» አሉኝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ሳስተምር የቀረችኝ፣ በኛው ፊደል የተጻፈች የኦሮምኛ ማስተማሪያ ነበረችኝ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እሷን ይዘን ግቢያቸው ውስጥ ፓፓያው ጥላ ሥር መቀመጥ ጀመርን። እትዬ ሎሚም አጠገባችን ትቀመጣለች።

መጽሐፉ ስለ ገበሬ ማኅበርና ስለ ንጽሕና ነበር። ጋሽ ተክሌ ሁለት ገጽ አንብበው ዘጉት። «ይሄን ቆይቼ እማረዋለሁ። መጀመሪያ ‹አመመሽ ወይ› የሚለውን ስጪኝ። ‹በረደሽ ወይ›፣ ‹ራበሽ ወይ›ን። ‹አትፍሪ› እንዴት ነው የሚባለው?»

«ሂን ሶዳቲን።»

ጻፉት። ሰዓታቸውን አይተው ሰዓቱንም ከጎኑ ጻፉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል ያች ቃል ሳትሰማ የዋለችበት ቀን አልነበረም። እትዬ ሎሚ ልብሷ ሲወልቅ ትፈራለች፣ ጥላዋን ስታይ ትፈራለች፣ እሳቸውንም ራሳቸውን ማን እንደሆኑ ስለማታውቅ ትፈራለች። «ሂን ሶዳቲን፣ ሂን ሶዳቲን» ይላሉ እየቀረቡ።

ምላሳቸው በቀላሉ አልታዘዘላቸውም። «ጠጪ» እና «እውነት» በኦሮምኛ በድምፅ ይቀራረባሉ። አንድ ቀን ኩባያውን አቅርበው ጠጪ ያሉ መስሏቸው «እውነት፣ እውነት» ሲሏት እትዬ ሎሚ ቀና ብላ አየቻቸውና ሳቀች። ከብዙ ወራት በኋላ ስትስቅ ሳያት ያን ቀን ነው። ጋሽ ተክሌ ስህተታቸውን ከነገርኳቸው በኋላም ሆን ብለው እየተሳሳቱ ለብዙ ቀን አሳቋት።

ገላዋን የሚያጥቧት፣ ፀጉሯን የሚያበጥሩላት እሳቸው ናቸው። ልብሷን አጥበው በጠራራ ፀሐይ ሰው በሚያይበት ገመድ ላይ ያሰጡታል። የዕድር ጓደኞቻቸው ሠራተኛ ቅጠር ሲሏቸው፣ «የኔን ስታጥብ ሠራተኛ ቅጠር ያለኝ ሰው አልነበረም» ብለው መለሱ።

ቅዱስ አስመስዬ እንዳላቀርባቸው አንድ ቀን ልንገር። እትዬ ሎሚ አልታጠብም ብላ ፊታቸውን ቧጨረቻቸው። «በቃ!» ብለው በአማርኛ ጮኹባትና ሳሙናውን ወርውረው ወጡ። እኔ ገብቼ ይዣት ቆየሁ። ከሰዓት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ጉንጫቸው ላይ ደሙ ደርቋል።

«ጣቢያ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «የድሬው ባቡር ቆሟል። ፉርጎውን ሁሉ የማውቀው ነው። ልሳፈር አሰብኩ፤ ልጄ ጋ ልሄድ።»

«ታዲያስ?»

«ሳየው ሄደ።» ከዚያ ገብተው እጇን ይዘው ይቅርታ ጠየቋት፤ በኦሮምኛ። ቃሉን ያን ዕለት ገና ከኔ ጠይቀው ነው።

ትልቁ ችግር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሚመጣው ነው። በዚያ ሰዓት እትዬ ሎሚ ትነሣና ነጠላዋን አጣፍታ «መና ነ ጌሲ» ማለት ትጀምራለች፤ ቤቴ ውሰደኝ። ቤትሽ ይሄው ነው ቢሏት አትሰማም። በር ሲዘጋባት ታለቅሳለች። ሁለቴ አምልጣ አንዱን ጋሪ አስቁማ ተሳፍራ፣ ጋሪ ነጂው ወዴት እንደሚወስዳት ግራ ገብቶት መልሷት ነበር። ጋሽ ተክሌ ለዚህ መላ አገኙ። ከአንድ የሚያውቁት ጋሪ ነጂ ጋር ተነጋገሩ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሪው በር ላይ ይቆማል፤ ሁለቱም ይሳፈራሉ፤ በገበያው በኩል ዞረው፣ በጣቢያው በኩል አድርገው እዚያው በራቸው ላይ ይወርዳሉ። ጋሽ ተክሌ ቀድመው ወርደው እጃቸውን ይዘረጉላትና እንኳን በደህና ገባሽ ይሏታል በቋንቋዋ። እሷም ደክሟት ትገባለች። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ መሳቁን ተወ። ጋሪዋ ስታልፍ «አካም ጅርታ እትዬ ሎሚ» ብለው በቋንቋዋ ሰላም የሚሏት ሰዎች ተበራከቱ።

በዚህ መካከል ከቀበሌ ጥሪ ደረሰን፤ ለጋሽ ተክሌም፣ ለኔም። ከዚያ ባነሰ ነገር ሰው የሚታሰርበት ጊዜ ነበርና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋሽ ተክሌ እትዬ ሎሚን የሚተዉለት ሰው ስላልነበረ እጇን ይዘው አብረን ሄድን። ሊቀ መንበሩ ወጣት፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ይዤ እንድመጣ የታዘዝኩትን ማስተማሪያ ተቀብሎኝ ጠረጴዛው ላይ አደረጋት። የአብዮት ጥበቃው ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

«በየቀኑ በኦሮምኛ መጽሐፍ ትሰበሰባላችሁ የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ። ወደ ጋሽ ተክሌ ዞረ። «አባት፣ እርስዎ መንዜ ነዎት። በዚህ ዕድሜዎ ኦሮምኛ ምን ያደርግልዎታል? ይህን እንዲማሩ ማን ነው ያዘዘዎት?»

«ሚስቴ» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ሊቀ መንበሩ ያሾፉበት መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። እሳቸው ግን ወደ እትዬ ሎሚ እያሳዩ፣ «ሌላ ቋንቋ አልቆብናል፣ ልጄ» አሉት። እትዬ ሎሚ ስለሷ መወራቱ የገባት ይመስል ተነሣች። ጥበቃው ሊይዛት ሲል ሊቀ መንበሩ በእጁ ከለከለው። ጠረጴዛውን ዞራ ሄደችና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ቱፋ» አለችው። ቱፋ የታላቅ ወንድሟ ስም ነው። ከብቶቹ ገቡ ወይ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችው።

ያ ሰው አንድ ቀን ኦሮምኛ ሲናገር የሰማው የቀበሌ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።  ያን ዕለት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥርት ባለ የአርሲ ኦሮምኛ፣ «ገብተዋል እህቴ፤ ሁሉም ገብተዋል» አላት። እሷም ረክታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እሱ መጽሐፏን ገለበጣት፤ ለጥበቃው፣ «መንግሥት ያሳተመው ነው» ብሎ መልሶ ለኔ ሰጠኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጋሪው ዙር መሥራቱን አቆመ። በራቸው ላይ ሲደርሱ እትዬ ሎሚ አልወርድም ማለት ጀመረች። ጋሽ ተክሌ፣ «ሳታልላት ከረምኩ። አሁን የምትለውን ላድርግላት» አሉኝና ደራ ሊወስዷት ቆረጡ። ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን ሊቀ መንበሩ ራሱ በእጁ ጽፎ፣ ማኅተሙን አሳርፎ ሰጠን። እኔም አብሬ ሄድኩ።

ደራ የተቀበለን ወንድሟ ኦቦ ቱፋ ነው። ሽበቱ የወጣ፣ በትሩን ሳይዝ የማይቆም ሽማግሌ። እህቱን አቅፎ ሳማት፤ አላወቀችውም። ለጋሽ ተክሌ ግን እጁን ብቻ ሰጣቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለሠርግም ለሐዘንም ሲመጡ አስተርጓሚ አጠገብ ተቀምጠው ሰዓታቸውን የሚያዩ ባለ ኮት ሰው ነበሩ ለሱ። በኦሮምኛ ሰላም ሲሉት እንኳ በአማርኛ ነው የመለሰላቸው።

የአባቷ ቤት የለም። መንደር ምሥረታ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ዳር ተነሥቶ ቦታው በቆሎ ተዘርቶበታል። የቀረው የቁልቋል አጥሩ ብቻ ነው። ኦቦ ቱፋ እዚያ ወስዶ አቆመን። እትዬ ሎሚ በቆሎውን አየች፣ ቁልቋሉን አየች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ተክሌም ኮታቸውን አውልቀው አነጠፉና አጠገቧ ተቀመጡ። እኔና ኦቦ ቱፋ ከኋላቸው ቆምን። የተነጋገሩት ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ የሰማሁትን እንዳለ ልጻፈው።

«ደግ ሰው ነህ» አለቻቸው። «አገርህ የት ነው?»

«መንዝ።»

«ባሌም መንዜ ነው።»

ጋሽ ተክሌ ወደሷ ዞሩ። «ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው። ባቡር ቤት ነው የሚሠራው። መትቶኝ አያውቅም።» በቆሎውን እያየች ቀጠለች። «ግን አይሰማም። የመጀመሪያው ልጃችን የሞተ ቀን በራሴ ቋንቋ አለቀስኩ። ሰው ይሰማል፣ ዝም በይ አለኝ። ከዚያ በኋላ በአማርኛ አለቀስኩ። በአማርኛ ሲሆን አይወጣልኝም።»

የሞተ ልጅ እንደነበራቸው እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ጋሽ ተክሌ ወደኔ ዘወር አላሉም፤ ተርጉሚልኝም አላሉኝም። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ዛሬ ሰምቷል» አሏት። ቀጥለውም፣ «ለልጁ እንዴት አድርገሽ ነበር ያለቀስሽለት? አልቅሺና ልስማ» አሏት።

እትዬ ሎሚ ዓይኗን ጨፈነችና ዝቅ ባለ ድምፅ ማልቀስ ጀመረች፤ ግጥም ነበረው። የልጁን ስም ትጠራለች። ጋሽ ተክሌ አንገታቸውን ደፍተው እስክትጨርስ አዳመጡ። ኦቦ ቱፋ በትሩን ተደግፎ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ጨርሳ ዓይኗን ስትገልጥ ቀሚሷን አራገፈችና፣ «መና ነ ጌሲ» አለች።

በአውቶቡሱ ላይ ትከሻቸው ላይ ተኛች። አዋሽ ድልድይን ስናልፍ ወደኔ ዞሩ። «ቤቷ እዚያ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «የት እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። አብሬያት መፈለግ ነው እንግዲህ።»

በሚቀጥለው ዓመት ኦሮምኛውም ከእትዬ ሎሚ ሄደ። አልጋ ላይ ዋለች፤ ዓይኗ ክፍት ሆኖ አንድም ቃል አትናገርም። ጋሽ ተክሌ ግን በየጠዋቱ በቋንቋዋ እንዴት አደርሽ ይሏታል፤ መልሱ ሊወስድ የሚችለውን ያህል ጊዜ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚያልፉት። በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ ሕልም አየሽ ወይ፤ በየመካከሉ እየጠበቁ። አንድ ጠዋት አጥሩን ተደግፌ ስሰማ ቆይቼ ትምህርት ቤት አረፈድኩ። ከልባቸው ነበር የሚጠብቁት።

ጥር ላይ አረፈች። ቀብሯ ላይ ጋሽ ተክሌ አላለቀሱም፤ ሰው ሁሉ የደነዘዙ መስሎት ነበር። ከሰዓት በኋላ የደራ ዘመዶቿ በጭነት መኪና መጥተው ድንኳኑ ውስጥ እንደ ልማዳቸው በአንድ ወገን ተቀመጡ፤ ኦቦ ቱፋ በመካከላቸው። ልጃቸው ከድሬዳዋ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ናት። አስተርጓሚ እንድሆን ተጠርቼ ስነሣ ጋሽ ተክሌ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡኝ።

ሄደው በዘመዶቿ ፊት ቆሙ። በኦሮምኛ፣ ብቻቸውን፣ እንዴት እንደታመመች፣ መብላት የተወችበትን ቀን፣ ነፍሷ ስትወጣ እጇ በእጃቸው እንደነበረ ነገሯቸው። ሰዋስዋቸው ብዙ ተሳስቷል፤ እሷን «እሱ» እያሉ ነበር። ማንም አላረማቸውም። በመጨረሻ፣ «በቋንቋዋ እንዳታለቅስ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ» አሉ።

 ኦቦ ቱፋ በትሩን መሬት ላይ አስተኝቶ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ልጃችንን የሰጠንህ ዛሬ ነው» አላቸው።

ጋሽ ተክሌ ጉልበቱን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ከለከላቸው፤ ክንዳቸውን ይዞ ወስዶ በወንድሞቿ መካከል አስቀመጣቸው። ለእትዬ ሎሚ ያለቀሱት እዚያ ተቀምጠው ነው።